ገደል የሚያዞረው ሰው ተራራ ሲወጣ

(ቅዳሜና እሁድ ተራራ ለሚወጡ ወዳጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ደህና አመሻችሁ። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ርዕስ «ፍርሃትን ማሸነፍ» የሚል ነበር። እንዲቀየርልኝ ለመንኳቸው፤ ምክንያቱም አላሸነፍኩትም። እስከ ዛሬ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ስልክ አላወራም። ሊፍቱ መስታወት ከሆነ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ነው የምቆመው። ስለዚህ የጀግንነት ታሪክ ለመስማት የመጣችሁ ካላችሁ ቡናው በር ላይ ነው፤ ገና ትኩስ ነው።

እኔ የማወራችሁ ገደል የሚያዞረው ሰው ከነፍርሃቱ ሰሜን ተራሮችን እንዴት ሊወጣ እንደሚችል ነው። በተለይ ደግሞ አብሮት የሚሄደው ጓደኛ ምን ቢያደርግ እንደሚጠቅም፣ ምን ቢያደርግ እንደሚጎዳ። ምክር ሁልጊዜ የሚሰጠው ለፈሪው ነው። ዛሬ ይበልጥ ላወራው የምፈልገው የማይፈራውን ሰው ነው። ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ ጀግኖች፣ ይመለከታችኋል።

በቅድሚያ ይህ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ ትንሽ ልበል። ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆመው በሦስት ነገሮች ነው። አንዱ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ነው። ሁለተኛው ከእግርና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት ነው። ሦስተኛው ዓይን ነው። ዓይን አጠገቡ ያለውን የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ግድግዳም ይሁን ዛፍ፣ እያየ ሰውነታችን ወዴት እንዳዘመመ ይነግረናል። ገደል አፋፍ ላይ ግን ከፊታችን ያለው ሁሉ ሩቅ ነው። ሰውነት ትንሽ ወዲያና ወዲህ ሲል ሩቁ ነገር ቦታውን የቀየረ አይመስልም። ዓይን የሚናገረው ነገር ያጣል። ያኔ ሰውነት ከወትሮው በላይ ይወዛወዛል። ይህ በማንም ላይ በመጠኑ ይደርሳል፤ ጀግኖቹም ላይ ጭምር።

እንደኔ ያለው ሰው ግን ያችን ትንሽ መወዛወዝ እንደ መውደቅ ይቆጥራታል። ልቡ ይመታል፣ እጁ ያልበዋል፣ ጉልበቱ ይርዳል። የራደ ጉልበት ደግሞ በእውነትም ሰውን በደንብ አይሸከምም። ፈርተህ ትንቀጠቀጣለህ፣ ስለተንቀጠቀጥክ ይበልጥ ትፈራለህ። ለዚህ ነው «ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው፣ አታስቢው» የሚሉኝን ሰዎች የምጣላቸው። ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉልበቴ ምን አገባው?

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። አጠገባችሁ ያለውን ነገር እዩ። እጃችሁ አለቱን ይንካ። ካቃታችሁ ተቀመጡ። «ወደ ታች አትዩ» የሚለው የታወቀ ምክር ግማሽ ነው፤ ከፊት ለፊት ያለው ሩቅ ተራራም ያው ያዞራል። ዓይን ማረፍ ያለበት ሁለት ሦስት እርምጃ ፊት ያለችው ድንጋይ ላይ ነው።

አሁን ወደ ተራራው እንሂድ። ሰሜን ተራሮችን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር፣ ከዚያ ወደ ግጭ፣ ከዚያ ወደ ጨነቅ ነው መንገዱ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ ላሊበላም በዚያው ዓመት ነው የተመዘገበው። ቦታው የጥንት እሳተ ገሞራ ደራርቦ የከመረው ድንጋይ ነው። ውሃ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቆራርጦታል። በሰሜን በኩል መሬቱ በድንገት ያልቃል። ገደሉ አንዳንድ ቦታ ወደ 1,500 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። መንገዱ ደግሞ ለሰዓታት የዚያን አፋፍ ጠርዝ ይዞ ነው የሚሄደው። ለእኔ ዓይነት ሰው ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ለምን ሄድሽ በሉኝ። ጓደኛዬ ናት። ከልጅነት ጀምሮ አብረን ነን። እሷ ዛፍ ላይ ወጥታ ስትጣራ እኔ ከታች ጫማዋን ይዤ የምጠብቅ ነበርኩ። ራስ ዳሽንን ማየት የኖረ ምኞቷ ነው፤ ያለ እኔ አልሄድም አለች። እኔም ዋልያ ማየት እፈልግ ነበር። ከዚህ የበለጠ ጥልቅ ምክንያት አልነበረንም። ያኔ መንገዱም ሰላም ነበር።

ግን ዘለን ሰሜን አልሄድንም። ይህን አስምሩበት። መጀመሪያ እንጦጦ ነው የጀመርነው፤ እዚያ የሚያስፈራ ነገር የለም፣ እግር ማፍታቻ ነው። ቀጥሎ ደብረ ሊባኖስ፣ ፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው ጋ። እዚያ ገደል አለ። በመጀመሪያው ጊዜ ከአፋፉ በጣም ርቄ ቁጭ አልኩ። በሌላ ጊዜ ትንሽ ቀረብኩ። በዚህ ፍርሃት ላይ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ በትንሽ በትንሹ መቅረብ፣ ፍርሃቱ ሲመጣ ወዲያው አለመሸሽ፣ እዚያው ቆይቶ እስኪበርድ መጠበቅ። ልብ እየዘለለ እያለ ከሮጥክ፣ አእምሮህ «የዳንኩት ስለሮጥኩ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ቁጭ ብለህ ከቆየህ ግን ፍርሃቱ ራሱ ይደክመዋል። በደቂቃዎች ውስጥ እየወረደ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ጓደኛ አይቸኩልም፤ ሰዓቱን አያይም።

ጓደኛዬ ይህን ወዲያው አላወቀችውም። ከሳንቃ በር ስንነሳ የመጀመሪያው ጠባብ ቦታ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። እሷ ቀድማ ተሻግራ ዞረችና «አይዞሽ፣ ምንም የለም!» አለችኝ። ምንም የለም? በግራ በኩል ከሺህ ሜትር በላይ ባዶ አየር አለ! እንዲህ ሲባል ፈሪው ብቻውን ይቀራል። ጓደኛው የሚያየውን ነገር እንዳላየለት ይገባዋላ። ቀጥሎ ቀልድ ሞከረች፣ «ፈሪ ለእናቱ» አለችኝ። እናቴን አነሳችብኝ፤ ማልቀስ ቀረኝ።

እናት ከተነሳ አንድ ጥናት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 ኤሊኖር ጊብሰንና ሪቻርድ ዎክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለ ሕፃናት የጻፉት ነገር አለ። ትልቅ የመስታወት ጠረጴዛ ሠሩ። በግማሹ በኩል ከመስታወቱ ሥር ጨርቅ አለ፤ በሌላው ግማሽ ጨርቁ ወለሉ ላይ ነው፤ ሲታይ ገደል ይመስላል። መዳህ የጀመሩ ሕፃናት አብዛኞቹ በገደሉ በኩል እናታቸው ብትጠራቸውም አልሄዱም። ይህ የታወቀ ነው። እኔን የገረመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ሌሎች ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው። የገደሉን ጥልቀት ቀንሰው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ አደረጉት፤ ያስፈራል አያስፈራም ለማለት እስኪያጠራጥር። ዓመት የሞላቸው ሕፃናት ጫፉ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው የእናታቸውን ፊት ያያሉ። እናቶቹ እንዳይናገሩ ተነግሯቸዋል። ደስ ያለው ፊት ካዩት 19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ። የፈራ ፊት ካዩት 17 ሕፃናት አንድም አልተሻገረም።

አያችሁ፣ ቃል የለም። ፊት ብቻ ነው። ገደል ላይ ከጓደኛዬ የምፈልገው ያንን ነው። ፊቷ እውነተኛ መሆን አለበት። አደጋ ሲኖር ፊቷ ላይ ካላየሁት፣ አደጋ በሌለ ጊዜም አላምናትም። ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ጓደኛ ለፈሪ አይሆንም።

ማታ ድንኳን ውስጥ ይህን ነገር በግልጽ አወራነው። እሷ «ምን ልበልሽ ታዲያ?» አለች፤ ትንሽ ተናዳለች። እኔ «ምንም አትበዪ፣ ጠይቂኝ» አልኳት። «ምን ልጠይቅሽ?» «እግሬን የት ላደርግ እንደሆነ።» ሳቀች። ጉዳዩን የለወጠው ግን ይሄ ነው።

ግጭ አድረን በማግስቱ ወደ እሜት ጎጎ ሄድን። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ከፍታ አለው። ከግጭ ሲነሱ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ጓሳ ሳር፣ ጅብራ፣ ጠዋት ላይ ውርጭ። ሰው የት እንዳለ ይረሳል። ከዚያ ሜዳው እየጠበበ እየጠበበ ይመጣና አለት ይሆናል። በሦስት በኩል ገደል ነው። ጫፉ ወደ ባዶው ወጣ ብሎ ነው የቆመው።

እዚያ ላይ ጉልበቴ ራደ። ቁጭ አልኩ። የፓርኩ ሕግ ሆኖ ስካውት፣ የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ ማለት ነው፣ አብሮን ነበር፤ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው ያነገቱ፣ ቀጠን ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ አባት። ምንም አላሉም። መጥተው በገደሉ በኩል ቆሙ። በእኔና በባዶው መካከል ማለት ነው። ነጠላቸውን ተከናንበው እዚያው ቁጭ አሉ። ዓይኔ አየር ሲያይ የነበረው አሁን የሳቸውን ትከሻ ያያል። ከላይ ያልኳችሁን የሚዛን ነገር አስታውሱ፤ አጠገብ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር። እሳቸው ስለ ጆሮ ውስጥ አካል ማንም ያስተማራቸው አይመስለኝም። ግን ስንቱን ፈሪ አሻግረዋል።

«ልጄ» አሉኝ ቆይተው፣ «ገደሉ የትም አይሄድ። አንቺ መንገድሽን እዪ።»

ጓደኛዬም አጠገቤ ቁጭ አለች። ቆሎ አወጣች። ስለ ሌላ ነገር አላወራችም፣ «ተነሺ»ም አላለችኝም። ልቤ መለስ ሲል «ቀጥሎ ግራ እግርሽን የት ልታደርጊ ነው?» አለችኝ። አየሁና አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየኋት። «እጅሽንስ?» እሱንም አሳየኋት። ሰው ግራ እግሩን የት እንደሚያደርግ እያሰበ፣ በዚያው ቅጽበት 1,000 ሜትር መውደቅን ማሰብ ይከብደዋል። ጥያቄው ትንሽ ሆኖ መልስ ያለው መሆን አለበት። «ትችያለሽ?» መልስ የለውም። «እግርሽን የት?» መልስ አለው።

እንደዚያ እያልን ሄድን። ከፊሉን ቆሜ፣ ከፊሉን ይቅርታ አድርጉልኝና በመቀመጫዬ ተንሸራትቼ። ሱሪዬ ምስክር ነው። ጫፉ ላይ አልቆምኩም። እሷ ቆመች፣ ፎቶ ተነሳች፣ ተመለሰች። እኔ ጥቂት እርምጃ ሲቀረኝ ተቀምጬ አየሁት። በሰሜን በኩል ታች ቆላው ይታያል፤ ከውስጡ የበቀሉ የሚመስሉ ቀጫጭን ተራሮች አሉ። የሚያስገርመኝ ግን ጭላዳዎቹ ናቸው። ቀን ሜዳው ላይ ሳር ሲነጩ ይውላሉ፣ ማታ ከአውሬ ለመሸሽ ያንን ገደል ወርደው እዚያው አለት ላይ ያድራሉ። እኔን የሚያዞረኝ ነገር ለነሱ ቤታቸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስልክ አንድ ነገር ልናገር፣ ከዚያ እመለሳለሁ። በየሳምንቱ ጉዞ ላይ የማየው ነገር ነው። አንድ ሰው ፈርቶ ይቆማል። ወዲያው ሦስት ስልክ ይወጣል። «ጀግና ሁኚ እንጂ!» እየተባለ ይቀረጻል፣ ማታ ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል። እባካችሁ ተዉ። ሰውየው ፍርሃቱ አንሶት ሀፍረት ይጨመርበታል፤ ላለማፈር ብሎ ያልተዘጋጀበትን ዘሎ ይሻገራል። ሰው የሚወድቀው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ከእሜት ጎጎ በእናትዬ በኩል ወደ ጨነቅ ወረድን። ዋልያዎቼንም አየሁ። ከጨነቅ በኋላ ገደሉ ሳይሆን ከፍታው ነው ሥራ የጀመረው። ወደ ራስ ዳሽን ለመሄድ መጀመሪያ በቧሂት በኩል፣ ከ4,200 ሜትር ገደማ ላይ መሻገር አለ። እዚያ ራሴን ያመኝ ጀመር። ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ትንሽ ያቅለሸልሸኛል። አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ይህ ፍርሃት ነው ወይስ የከፍታ ሕመም?

ይህን ጥያቄ ቀልድ አታድርጉት። ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ። በ4,500 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ከ60 በመቶ በታች ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ይሻላል፤ ግን ፈጽሞ አይነካውም ማለት አይደለም። ፈሪ ሰው ሕመሙን «ያው ፍርሃቴ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጀግናው ደግሞ ይብስ፣ «እኔን አያመኝም» ይላል።

መለያው እንዲህ ነው። ከአፋፉ ራቅ ብለህ ቁጭ በል። የፍርሃት ትንፋሽ በጥቂት ደቂቃ ይረጋጋል። የከፍታ ራስ ምታት ግን ገደል መኖር አለመኖሩ አይገደውም፤ ሜዳ ላይም ይከተልሃል። ጓደኛዬ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ጠበቀች። ልቤ ተረጋጋ፣ ራስ ምታቱ ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ሜዳ ላይ አንድ መስመር አሳየችኝና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነካሁ እንድራመድ አደረገችኝ። ሳልንገዳገድ ሄድኩ። ብንገዳገድ ኖሮ ወይም ንግግሬ ቢደናገር፣ ወይም ቁጭ ብዬም ትንፋሽ ቢያጥረኝ፣ ያለ ክርክር ወዲያው መውረድ ነበር። ለከፋ የከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ሌሊት ቢሆንም፣ ጫፉ አንድ ሰዓት ቢቀረውም።

ደግነቱ መንገዱ ራሱ ያወርዳል። ከቧሂት እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ጉልበት ያስለቅሳል፣ ራስ ምታት ግን ያድናል። አምቢቆ ስንደርስ ራሴ ለቆኝ ነበር። አምቢቆ ወደ 3,200 ሜትር ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በየቀኑ የሚታደርበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል የሚባለው ሕግ እዚህ ላይ ገባኝ። ቀን ምንም ያህል ውጣ፣ ስትተኛ ዝቅ በል።

ከአምቢቆ የተነሳነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። እዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ለካ ጓደኛዬ ውሻ ትፈራለች! ከልጅነት ጀምሮ አብረን ኖረን እኔ አላውቅም፤ ሰፈራችን ውስጥ ውሻውን ሁሉ በስሙ ስለምታውቀው ይሆናል። መንደሩን በጨለማ ስናልፍ የእረኛ ውሾች ከየአቅጣጫው መጡ። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ፎቶ የተነሳችው ሴት ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። እኔ ደግሞ በጨለማ ገደሉ አይታየኝም፤ ካልታየኝ የለም። ደህና ነበርኩ። «አይዞሽ፣ ምንም አያደርጉሽም» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «በየት በኩል ልሁንልሽ?» አልኳት። በግራ አለች። በግራ ሆንኩ። ስካውቱ ድንጋይ አንስተው ወርወር አደረጉና ውሾቹ ራቁ። ቀኑን ሙሉ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ዛሬ እዚህ በመናገሬ ሳትቀየመኝ አትቀርም።

ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ገደማ ነው፤ የመለካቱ ነገር ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። መጨረሻው ላይ በእጅ የሚወጣ አጭር አለት አለ። ሰው ሁሉ እዚያ ላይ እንደምቀር ጠብቆ ነበር። እኔ ግን ከሁሉም ቦታ የቀለለኝ እሱ ነው። ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ፤ ፊቴ ላይ አለት አለ፣ እጄ ድንጋይ ይዟል፣ ዓይኔ የሚያርፍበት አለው። የሚያዞረኝ ባዶው ነው እንጂ ከፍታው አይደለም። የራሳችሁን ፍርሃት እንዲህ ዘርዝራችሁ እወቁት። «ተራራ እፈራለሁ» በጣም ሰፊ ነው፤ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። «በግራ በኩል ባዶ ሲሆን እፈራለሁ» ካላችሁ ግን ጓደኛችሁ በግራ ይሆንላችኋል።

አንድ ነገር ልጨምርና አበቃለሁ። ደባርቅ ላይ፣ ገና ሳንነሳ፣ የተስማማነው ነገር ነበር። ከሁለታችን አንዳችን «እንመለስ» ካለ ሌላው ምክንያት አይጠይቅም። መጠየቅ የሚቻለው ከወረድን በኋላ ነው። ይህ ስምምነት ያስፈለገው ለመመለስ ብቻ አይደለም። በፈለግኩ ጊዜ መመለስ እንደምችል ስለማውቅ ነው ወደፊት የሄድኩት። መውጫ የሌለበት ቦታ ላይ ያለ ሰው ፍርሃቱ እጥፍ ነው። ስምምነቱ ግን ተራራው ላይ ሳይሆን ሆቴል ውስጥ፣ ሻይ እየጠጣችሁ መደረግ አለበት። እላይ ስትደርሱ አንዱ ጫፉን አይቶ ልቡ ተሰቅሏል፣ ሌላው ፈርቷል፤ ያ የመደራደሪያ ሰዓት አይደለም።

እሺ፣ ጥያቄ ወደ መቀበሉ እንግባ። ጓደኛዬ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጣለች፤ አሁን እየሳቀች ያለችው ናት። ስለ ገደል፣ ስለ ራስ ምታትና ስለ ሱሪ የምትጠይቁ እኔን ጠይቁ። በቅሎ ስለ መከራየት፣ ስለ ድንኳንና ስለ ስንቅ እሷን። ስለ ውሻ ግን አደራ፣ ማንም እንዳይጠይቃት።